ብርድ ከገባ በኋላ የሚገዛ ምድጃ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አይጣፍጥም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሚነገረው ሹም ሲሻርና ሲሾም እንጂ ስለ ማድቤት እንዳልሆነ ማንም ያውቀዋል። ቃል በቃል ተወስዶ ቢመረመር ግን ታሪክ ብዙም አይደግፈውም። ጉልቻቸውን የለወጡ አገሮች፣ ወጣቸው ጣፈጠም አልጣፈጠ፣ ደናቸውን አትርፈዋል፤ ቤታቸውን አሙቀዋል። ለውጡን በጥድፊያ ያደረጉት ደግሞ ቤታቸውን እስከ ማቃጠል ደርሰዋል።

እዚህ የሚነገረው ስለ እንጨት ምድጃ ነው፤ እንጀራ ስለሚጋገርበት ሳይሆን በረዶ በሚወርድባቸው አገሮች ቤት ስለሚሞቅበት። ሰዎች ይህን ምድጃ እንዴት መረጡት? ከሁሉም በላይ ደግሞ መቼ ገዙት? «ምን ዓይነት» የሚለውን ጥያቄ የብረታ ብረት ባለሙያ ይመልሰዋል። «መቼ» የሚለውን ግን የሚመልሰው ታሪክ ብቻ ነው፤ መልሱም ላለፉት 300 ዓመታት ገደማ ብዙ አልተለወጠም። (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለእኛ ነገሩ ትንሽ እንግዳ ነው። ደጋችን ብርድ አያጣውም፤ የመንዝና የስሜን ሰው ስለ ውርጭ ከማንም መማር አያሻውም። ነገር ግን የእኛ ብርድ የሌሊት ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይሰበራል። ስለዚህም ጋቢና ቡሉኮ፣ አንድ ማንደጃ ፍም፣ በገጠርም ከሰው ጋር አብረው የሚያድሩት ከብቶች ትንፋሽ በቂ ሆነው ኖረዋል። ጢሱ በሣር ክዳኑ ውስጥ ተንኖ ይወጣል፤ እግረ መንገዱንም ምስጡን ያባርራል። ክረምት ስንልም ዝናብ ማለታችን ነው። በሰሜኑ ዓለም ግን ክረምት ማለት ውኃ በእንስራው ውስጥ ድንጋይ የሚሆንበት፣ አምስትና ስድስት ወር የሚዘልቅ ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት እሳት ማጣት ሞት ነው። ከዚህ በኋላ ክረምት ሲባል ያንን መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

የእነሱም አባቶች እንደኛው በቤቱ መካከል እሳት አንድደው፣ ጢሱን በጣሪያው ቀዳዳ እየሸኙ ኖረዋል። በእንግሊዝ አገር የጢስ መውጫ ያለው ቤት በተራው ሕዝብ ዘንድ የተለመደው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ዊልያም ሃሪሰን የተባለ የገጠር ካህን በ1577 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በመንደሩ ያሉ ሽማግሌዎች በዘመናቸው ካዩት ለውጥ ሁሉ አንዱ የጢስ መውጫው መብዛት እንደሆነ አድርገው እንደሚያወሩ ጽፏል። ዓይን ከጢስ ዳነ። ይሁን እንጂ ጢሱ ሲወጣ ሙቀቱም አብሮት ወጣ። ግድግዳ ውስጥ በተሠራ ክፍት ምድጃ ላይ የሚነድ እሳት፣ ራሱ ከሚሰጠው ሙቀት አብዛኛውን ወደ ሰማይ ከመስደዱም ሌላ፣ በክፍሉ ያለውን ሞቃት አየር እየሳበ በጢስ መውጫው ያስወጣዋል። በዚያ ፈንታ ቀዝቃዛ አየር በበሩና በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። ከአሥር እጅ ሙቀት ለቤቱ የሚተርፈው አንድ እጅ ወይም ትንሽ ከዚያ በለጥ ያለ ነው። ሰውየው ፊቱ እየተጠበሰ ጀርባው ይንቀጠቀጣል።

እንጨት እስካለ ድረስ ይህን ብክነት ማንም አላየውም። ወደ ሰሜን አሜሪካ የተሻገሩት እንግሊዞች ከፊታቸው ማለቂያ የሌለው የሚመስል ደን አገኙ። እንጨት የሚለካው ኮርድ በሚሉት ቁልል ነው፤ አንዱ ኮርድ 3.6 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። በኒው ኢንግላንድ አንድ ቤተሰብ በዓመት 30 ኮርድና ከዚያም በላይ ያነድ ነበር፤ ከ100 ሜትር ኩብ በላይ መሆኑ ነው። ምእመናን ሰባኪ ሲቀጥሩ በደመወዙ ላይ ይህን ያህል ኮርድ ማገዶ ብለው ይዋዋሉ ነበር።

የመጀመሪያው ድንጋጤ የመጣው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ከ1740 እስከ 1741 የነበረው ክረምት እጅግ የበረታ ነበር፤ የፊላዴልፊያ ወንዝ ደላዌር በበረዶ ተዘጋ። በዚያች ከተማ የሚኖር ቤንጃሚን ፍራንክሊን የተባለ አታሚ፣ ድሮ በየደጁ ይገኝ የነበረው እንጨት አሁን ከሩቅ አገር በጋሪ የሚመጣና የቤተሰብን ገንዘብ የሚጨርስ ዕቃ መሆኑን አስተዋለ። በጎረቤቱ የነበሩት ጀርመኖች ከአምስት የብረት ሰሌዳ የተገጣጠመ ዝግ ምድጃ ነበራቸው፤ እሳቱ የሚጫረው ግን ከግድግዳው ባሻገር ካለው ክፍል ነው። በጥቂት እንጨት ቤቱን በደንብ ያሞቃል። እንግሊዞቹ አልወደዱትም። ለምን ቢባል እሳቱ አይታይማ! ይህ ሰበብ ቀላል መስሎ ቢታይም በምድጃ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ ነው። ሰው ምድጃ ሲመርጥ ሙቀት ብቻ አይገዛም፤ ነበልባሉንም አብሮ ይገዛል።

ፍራንክሊን ሁለቱን ለማስታረቅ ሞከረ። በ1742 ከፊቱ ክፍት የሆነ፣ በውስጡ ጢሱ በብረት ሰሌዳ ዙሪያ እንዲዞር የሚያስገድድ ምድጃ ቀየሰ፤ ብረት ማቅለጫ የነበረው ወዳጁ ሮበርት ግሬስ ሰሌዳዎቹን ቀልጦ አወጣለት። በ1744 ስለ ምድጃው ጥቅም የሚናገር ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የአገሩ ገዢ የብቻ መብት ልስጥህ ቢለው እምቢ አለ፤ እኛ በሌሎች ፈጠራ እንደምንጠቀም ሌሎችም በእኛ ይጠቀሙ የሚል ነበር ምክንያቱ። አንድ የለንደን ብረት ነጋዴ ጥቂት ነገር ለዋውጦ በስሙ የብቻ መብት አወጣበትና ገንዘብ ሠራበት፤ ይህን የሚነግረን ራሱ ፍራንክሊን ነው።

ስለ ቸርነቱ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ምድጃው ጉድለት ነበረበት። ጢሱ መውጫውን ከማግኘቱ በፊት ወደ ታች ወርዶ ከወለል ሥር እንዲያልፍ የተሠራ ስለሆነ፣ ምድጃው ገና ሳይሞቅ ወይም እሳቱ ሲደክም ጢሱ ወደ ክፍሉ ይመለስ ነበር። ጢስ በባሕርዩ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይወድም። በኋላ ዴቪድ ሪተንሃውስ የተባለው የከዋክብት ተመራማሪ መንገዱን አስተካከለው። ስለዚህ እስከ ዛሬ «የፍራንክሊን ምድጃ» እየተባለ የሚጠራው፣ እውነቱን ለመናገር፣ የፍራንክሊን አይደለም። በጭንቅ ጊዜ የተፈጠረና በጭንቅ ጊዜ የተገዛ ዕቃ እንዲህ ነው፤ መስተካከሉ የሚመጣው ጭንቁ ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚህ ልማድ ጥቂት ፈንጠር ብላ የቆመችው ስዊድን ናት። የስዊድን ሀብት ብረት ነበር፤ ብረት ደግሞ በዚያ ዘመን በከሰል ይቀልጣል፤ ከሰልም ከእንጨት ነው። መንግሥት ያሰበው እንዲህ ነው፤ ሕዝቡ ክረምቱን እንጨት ሲያነድ ከከረመ የብረት ማቅለጫዎቻችን ምን ይበላሉ? በ1767 ካርል ዮሃን ክሮንስቴትና ፋቢያን ቭሬደ የተባሉ ሁለት መኳንንት እንጨት የሚቆጥብ ምድጃ እንዲያወጡ ታዘዙ። ያወጡት ካከሉግን የተባለውን የሸክላ ምድጃ ነው። በስቶክሆልም የሚኖሩ ወገኖቻችን በአሮጌ ቤቶች ጥግ እስከ ጣሪያ የሚደርስ፣ ክብ ወይም ባለ ማዕዘን፣ የሚያብረቀርቅ ሸክላ የለበሰ ዓምድ አይተው ይሆናል፤ እሱ ነው።

ብልሃቱ ቀላል ነው። በሆዱ ውስጥ ጢሱ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ እየተመላለሰ የሚሄድባቸው ቦዮች አሉ። እሳቱ ታፍኖ ቀስ እያለ የሚጤስ ሳይሆን በደረቅ እንጨት ለአጭር ጊዜ ቦግ ብሎ የሚነድ ነው። ጢሱ በየቦዩ ሲያልፍ ሙቀቱን ለጡቡ አስረክቦ ቀዝቅዞ ይወጣል። እንጨቱ ነድዶ ሲያበቃ መዝጊያው ይዘጋል፤ ያ ሁሉ ጡብና ሸክላ እስከ ማግሥቱ ድረስ ቀስ እያለ ሙቀቱን ይሰጣል። አደጋውም እዚያው መዝጊያው ላይ ነው። ፍሙ ሳይጠፋ የዘጋው ሰው ቤተሰቡን ያፍናል፤ ከሰል በማንደጃ አግብቶ በር ዘግቶ መተኛት ምን እንደሚያደርግ ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልግም። እንግዲህ ስዊድኖች እንጨት ከደጃቸው ጨርሶ ሳይጠፋ አስቀድመው አሰቡ። ይህን ያደረጉት ከሌላው ሕዝብ ይልቅ አስተዋዮች ስለሆኑ ነው ለማለት አልደፍርም፤ የብረት ገቢያቸው ስላስጨነቃቸው ነው።

ነገሩን ከእኛው ጋር ማስተያየት የግድ ይላል። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ጥቂት ዓመታት ሳይሞላት በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ አለቀ። በ1900 ግድም ዐፄ ምኒልክ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ዋና ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። የዚያን ዘመን ከተማ እንጨቱን በልቶ ሲጨርስ ይነሣል እንጂ እንጨት አይጠብቅም። ሐሳቡ የተለወጠው በዋነኛነት በባሕር ዛፍ ነው፤ በ1890ዎቹ አጋማሽ ገብቶ በፍጥነት የተባዛው ይህ ዛፍ ከተማዋን በቦታዋ አጸናት። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንጨት ሲጠፋ ስዊድኖች ምድጃውን ለወጡ፤ እኛ ዛፉን ለወጥን። ጉልቻችን ባለበት ቀረ። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ወገብ የዚህ ምርጫ ከፋይ ሆኖ ኖረ። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃና ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ ከእኛ ገበያ የደረሱት ከመቶ ዓመት በኋላ በ1990ዎቹ ነው፤ ምርጥ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል።

ወደ ማሞቂያው እንመለስ። በ1850 አሜሪካ ከምትጠቀምበት ኃይል ከመቶ 90 ያህሉ እንጨት ነበር። በ1880ዎቹ አጋማሽ የድንጋይ ከሰል ቀደመው፤ ከዚያ ዘይትና ጋዝ ተከተሉ። በ1940 ቤቱን በዋነኛነት በእንጨት የሚያሞቀው ከአራት ቤተሰብ አንዱ ያህል ነበር፤ በ1970 ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ምድጃው ወደ ጎተራ ተጣለ። ከምድጃው ጋር ዕውቀቱም ተጣለ፤ የትኛው እንጨት ስንት ጊዜ መድረቅ እንዳለበት፣ የጢስ መውጫ በየስንት ጊዜው እንደሚጠረግ፣ እሳት ሲታፈን ምን እንደሚያስከትል የሚያውቀው አያት ብቻ ሆነ። አያትም ይሞታል።

በጥቅምት 1973 የዐረብ አገሮች ነዳጅ መሸጥ ከለከሉ። ሦስት ዶላር ያህል የነበረው በርሜል ዘይት በጥቂት ወር ውስጥ 12 ዶላር ገደማ ገባ። ያ ዋጋ በእኛ አገር ምን እንዳደረገ አንባቢ አይዘነጋውም፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ እንዲያቆሙ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ የቤንዚን ዋጋ መናር ነው፤ ቀጥሎ የሆነውም የታወቀ ነው። በሰሜን አሜሪካ ያው ዋጋ የተሰማው በማሞቂያ ዘይት ላይ ነው። በቬርሞንትና በሜይን ያለ ቤተሰብ የክረምቱን ሒሳብ ሲያይ መጥረቢያውን መፈለግ ጀመረ።

ገበያው ዝግጁ አልነበረም። ያላቆሙት ኖርዌጂያኖች ነበሩና ዮቱል የተባለው፣ ከ1853 ጀምሮ የሚሠራው ድርጅት፣ ረዘም ያሉ የብረት ምድጃዎቹን ወደ አሜሪካ ላከ። በ1975 ቬርሞንት ውስጥ ቬርሞንት ካስቲንግስ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ፤ ዲፋያንት ብሎ ያወጣውም ምድጃ ዝናው ገነነ። ከእነዚህ ደህናዎቹ ጎን ለጎን ብየዳ የሚችል ሁሉ ምድጃ ሠሪ ሆነ። በ1979 የኢራን አብዮት ዋጋውን እንደገና ሲያንረው ሽሚያው ከፋ።

ሁሉም የፈለገው ያለ ስፌት የተዘጋ የሚመስለውን፣ አየር የማያስገባ ምድጃ ነበር። ማታ ሞልተህ፣ የአየሩን በር ጨቁነህ ትተኛለህ፤ ጠዋት ፍም ታገኛለህ። ምን ይሻላል! ገዢው ደግሞ ብርድ እየገረፈው ስለሚመርጥ ትልቁን ይመርጣል፤ ለአንድ ክፍል አዳራሽ የሚያሞቅ ምድጃ ያስገባል። ትልቅ ምድጃ በትንሽ ቤት ውስጥ በወጉ ቢነድ ሰው አያስቀምጥም። ስለዚህ ይጨቆናል። የተጨቆነ እሳት አይነድም፤ ይጤሳል። በጢሱ ውስጥ ሳይቃጠል የቀረው ነገር ቀዝቃዛው የጢስ መውጫ ላይ ሲደርስ እንደ ሬንጅ እየረጋ ይጣበቃል፤ ክሪዮሶት ይሉታል። ከእኛ ቤት ጣሪያ ላይ ከሚንጠለጠለው ጥቀርሻ ጋር ዘመድ ነው፤ ግን የከፋ ዘመድ። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ኃይለኛ ነበልባል ሲደርስበት ራሱ ይቀጣጠላል፤ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ጡቡን ሰንጥቆ ወደ ጣሪያው እንጨት ይገባል። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ባሉት ክረምቶች ከእንጨት ማሞቂያ የሚነሣ የቤት ቃጠሎ በአሜሪካ እየበዛ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ምክንያት እንጨቱ ነው፤ እኔ ዋናው ይህ ይመስለኛል። ምድጃ በመስከረም ተገዝቶ በጥቅምት ሊተከል ይችላል። እንጨት ግን በመስከረም ተቆርጦ በጥቅምት አይነድም። አዲስ የተቆረጠ ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ የሚደርሰው ውኃ ነው። በወጉ እንዲነድ ውኃው ከመቶ 20 በታች መውረድ አለበት፤ ለዚህም ተፈልጦ፣ ከላይ ተከድኖ፣ ከጎን ንፋስ እያገኘ ቢያንስ አንድ በጋ፣ እንደ ኦክ ያለው ጠንካራ እንጨት ደግሞ ሁለት ዓመት መቆየት አለበት። እርጥብ ፍልጥ እሳቱን ለቤቱ አይሰጥም፤ የራሱን ውኃ ያፈላበታል። በአንድ ጀንበር ምድጃ የገዛው ሁሉ ታዲያ ያነደደው ምን ነበር? እርጥብ ነዋ! «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይቃጠላል» የሚለው ተረታችን ለዚህ አይሠራም፤ እዚህ እርጥቡ ራሱ ነው አበሳ የሆነው።

ይህን የማይረሳ ሕዝብ አለ። በኖርዌይ እንጨት መከመር የሰው ባሕርይ የሚመዘንበት ሙያ ነው። ላርስ ሚቲንግ የተባለ ጸሐፊ በ2011 ስለ ማገዶ አቆራረጥ፣ አከማመርና አነዳደድ ብቻ ያሳተመው መጽሐፍ እጅግ ብዙ ቅጂ ተሸጠ። በየካቲት 2013 የአገሪቱ ቴሌቪዥን ስለ ማገዶ የ12 ሰዓት ፕሮግራም አስተላለፈ፤ ስምንቱ ሰዓት አንድ የሚነድ ምድጃ ብቻ የሚያሳይ ነበር። ቅሬታም ደረሰው። ግማሹ ተመልካች ፍልጡ ሲከመር ልጡ ወደ ላይ መሆን አለበት ብሎ፣ ግማሹ ወደ ታች መሆን አለበት ብሎ ነው የተቆጣው።

በአሜሪካ ነገሩ ከቤት ቃጠሎ አልፎ የአየር ጉዳይ ሆነ። በኦሪገን ሜድፎርድ፣ በሞንታና ሚዙላ የሚባሉት በተራራ የተከበቡ ከተሞች በክረምት ማለዳ በእንጨት ጢስ መታፈን ጀመሩ። ከብርዱ በላይ የሚረጋው ሞቅ ያለ አየር ጢሱን እንደ ክዳን ይዘጋበታል። ዘይት ላለመግዛት የተደረገው ብልሃት የጎረቤትን ሳንባ መንካቱ ታወቀ። ኦሪገን በ1983 ለምድጃ ደረጃ የሚያወጣ ሕግ ደነገገች፤ በ1988 የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለመላው አሜሪካ አወጣ። የድሮው ምድጃ በሰዓት ከ15 እስከ 30 ግራም ጢስ ያወጣ ነበር፤ በአዲሱ ደንብ ሁለተኛ ደረጃ ተራው ምድጃ ከ7.5፣ ጢሱን እንደገና የሚያቃጥል ካታሊስት ያለው ደግሞ ከ4.1 ግራም እንዳያልፍ ተባለ። ከግንቦት 2020 ጀምሮ ወሰኑ 2 ግራም ነው፤ በደረቅ ፍልጥ ለሚፈተነው 2.5።

ሠሪዎቹ ምድጃውን እንደገና አስበው ሠሩት። ከላይ የጋለ አየር ገብቶ ጢሱን እዚያው ከእሳቱ በላይ እንዲያቃጥለው አደረጉ፤ በጥቁር ብረት ፈንታ መስተዋት ተገጠመና፣ ያ ፍራንክሊንን ያስቸገረው ነበልባል የማየት ፍላጎት ያለ ብክነት ተፈጸመ። ማገዶ ቀነሰ፤ ክሪዮሶቱም ቀነሰ። ነገር ግን የዘይት ዋጋ በ1986 ወድቆ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ በ1970ዎቹ የገዛውን ጢሳም ምድጃ እንደያዘ ቀረ፤ ጥሩው ምድጃ ገበያ ሲወጣ ግን ሱቁ ባዶ ነበር። ብረት ምድጃ 30ና 40 ዓመት ያገለግላል፤ በአንድ መጥፎ ክረምት የተደረገ ምርጫ ለልጅ ይወረሳል። ከ2020ው የመጨረሻ ቀን በፊት ደግሞ ደንቡን የማያሟሉ ምድጃዎች በቅናሽ ሲቸበቸቡ ሰነበቱ። የዋጋው መቀነስ ምክንያት ምን ይሆን ብሎ የጠየቀ ገዢ ምን ያህል እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

የመንግሥት ድጎማም የራሱ ቀን አለው። አሜሪካ ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ ከፍ ያለ ብቃት ላለው ምድጃ ከዋጋው 30 በመቶውን፣ እስከ 2,000 ዶላር ድረስ፣ ከግብር ላይ ትቀንስ ነበር። እስከ 2032 ይዘልቃል የተባለው ይህ ጥቅም በ2025 በወጣ ሕግ ተቆርጦ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቆመ።

እንግሊዝ ደግሞ ሕጉን ወደ እንጨቱ ወሰደችው። ከግንቦት 2021 ጀምሮ ከሁለት ሜትር ኩብ በታች የሚሸጥ ማገዶ ውኃው ከመቶ 20 መብለጥ የለበትም ተባለ። ብዙ የሚገዛ ሰው አስቀምጦ ያደርቀዋል፤ አንድ ከረጢት የሚገዛው ግን ዛሬ ማታ ያነደዋል የሚል ነው ግምቱ። ከመሥሪያ ቤት የወጣ ሆኖ ሳለ የሰውን ጠባይ በሚገባ ያወቀ ድንጋጌ ነው።

በየካቲት 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች፤ በዚያው ዓመት መስከረም ወደ ጀርመን ጋዝ የሚወስደው የባሕር ውስጥ ቧንቧ ፍሰቱ ቆሞ ነበር። ግማሽ ያህሉ ቤት በጋዝ የሚሞቅባት ጀርመን ደነገጠች። የ1973 ታሪክ ገጽ በገጽ ተደገመ ማለት ይቻላል። በነሐሴ 2022 የማገዶ እንጨትና የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ ዋጋ ከአንድ ዓመት በፊቱ ከ85 በመቶ በላይ ጨምሮ ነበር። ምድጃ የፈለገ ሰው ወረፋ ያዘ፤ ምድጃው ቢገኝ ተካዩ አልተገኘም፤ ተካዩ ቢገኝ ደግሞ በጀርመን ሕግ የጢስ ጠራጊው ባለሙያ መጥቶ ሳያየውና ሳይፈቅድ እሳት አይጫርበትም። በዚያ አገር ጢስ ጠራጊ ማለት ሥልጣን ያለው ሰው ነው።

ነገሩን የሚያውቁት ቸኩለው አልተገኙም። ምድጃ የሚገዛው እኛ አደይ አበባ በምንቀጥፍበት ወር ሁሉም ሲሻማ ሳይሆን፣ በረዶው ቀልጦ ተካዮች ሥራ በሚፈቱበት በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ እንጨቱም ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ተፈልጦ ተከምሮ ይጠብቃል። በምርጫም ትንሹን ይወስዳሉ። ግድግዳው በደንብ የተሸፈነ የዛሬ ቤት ከአራት እስከ ስድስት ኪሎዋት የሚሰጥ ምድጃ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል፤ ትንሹ ምድጃ በሙሉ ነበልባል ሲነድ ትልቁ ታፍኖ ከሚጤስ ይልቅ ቤቱንም ያሞቃል፣ ጢስ መውጫውንም ያነጻል። ቀኑን ሙሉ ቤት የማይውል ሰው ቶሎ የሚሞቀውን ብረት፣ ማታ አንድ ጊዜ አንድዶ እስከ ጠዋት መሞቅ የሚፈልግ ደግሞ ከባዱን ጡብ ወይም ፊንላንዶች የሚወዱትን የሳሙና ድንጋይ ይመርጣል። የኋለኛው ከአንድ ቶን በላይ ሊመዝን ስለሚችል ወለሉ መቻሉን መጠየቅ የሚገባው ከግዢው በፊት ነው።

በ2022 መኸር በጀርመን በእጥፍ ዋጋ የተገዛው እርጥብ ፍልጥ በወጉ የደረቀው በ2024 ነው። በዚያን ጊዜ የጋዝ ዋጋ ከደረሰበት ጫፍ ብዙ ወርዶ፣ የምድጃ ሽያጭም ቀዝቅዞ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 31 ቀን ደግሞ ከ1995 እስከ መጋቢት 2010 ድረስ የተመረቱና የጢስ ወሰኑን የማያሟሉ ምድጃዎች ማጣሪያ እንዲገጠምላቸው፣ አለዚያም እንዲነሡ፣ በ2010 በወጣው ደንብ ተሰጥቶ የነበረው የጊዜ ገደብ አበቃ። ባለቤቶቹ ለመዘጋጀት ከ14 ዓመት በላይ ነበራቸው።